ለአገርነሽ የተቀመጠው እንቁላል

«አፍንጫዋን ትንሽ ከፍ አድርጊው» አለ የሺዋስ፣ ከሕሊና ትከሻ በላይ አንገቱን አስግጎ። «የሆነ ነገር እንደሸተታት። እህ፣ እንደሱ! በቃ ጨረሻት!»

ሕሊና እርሳሷን አስቀምጣ ወረቀቱን ራቅ አድርጋ አየችው። እውነትም ጨርሳታለች። ሥዕሉ ላይ አንዲት አሮጊት ከአውሮፕላን ደረጃ ወርዳ በቀጥታ የሰው ሳሎን ውስጥ ገብታለች። ፊቷን የሚያክል ጥቁር መነጽር ሰክታለች፤ የታሸገ ውኃ ደረቷ ላይ እንደ ሕፃን አቅፋለች፤ አፍንጫዋ ወደ ጣሪያው ቀና ብሏል። ፊት ለፊቷ መሶብ ቀርቧል። ከመሶቡ ወዲያ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ የጠፍር ወንበር ላይ ተቀምጠው አፋቸውን ከፍተው ያዩዋታል። ከአሮጊቷ አፍ በወጣችው ክብ ውስጥ ሕሊና በጥቁር እስክሪብቶ ጻፈችባት፦ «ይሄ ነገር ይበላል እንዴ?»

የሺዋስ ዴስኩን እየደበደበ ሳቀ። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አዛዥ ናዛዡ እሱ ነው፤ የቴሌግራም ቻናሉም በእሱ እጅ ነው። እሱ ከሳቀ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ግቢው በሙሉ ይስቃል ማለት ነው። ሕሊናም ሳቀች፤ ምንም እንኳ ከትናንት ወዲህ ሆዷ ውስጥ የተቀመጠው ነገር ሳቅ ባይሆንም።

ነገሩ የጀመረው በመምህር ዘመነ ነው። ሰውየው የዘጠነኛ ክፍል የሥዕል መምህር ናቸው፤ ስለ ስደት የካርቱን ውድድር ሲያወጡ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር የየአገሩ ጋዜጦች ስደተኞችን እንዴት ሲስሏቸው እንደኖሩ ማሳየት ነበር። በአንዱ ካርቱን ላይ የየአገሩን ልብስ የለበሱ ሰዎች ትልቅ ድስት ውስጥ ይገቡና በሌላው በኩል ሁሉም አንድ ዓይነት ኮት ለብሰው ይወጣሉ። በሌላው ላይ የድንበር ጠባቂው የመጣውን ሰው ስሙንና ቋንቋውን እንደ ካፖርት አስወልቆ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ይሰቅላል። «ካርቱን አንዱን ነገር አግንኖ ሌላውን ይተዋል» አሉ መምህሩ። «ስታዩም ስትስሉም ምን እንደተተወ ጠይቁ።» ሕሊና የመጀመሪያውን ግማሽ በደንብ ሰማች። ሁለተኛውን ሲናገሩ ሐሳቧ ጎንደር ደርሶ ነበር፤ ያሸነፈው ሥዕል ጎንደር ሄዶ በተማሪዎች ዐውደ ርእይ ላይ ይሰቀላል ተብሏልና። የእሷ ሥዕል እስካሁን ከደባርቅ ወጥቶ አያውቅም።

ከዚያ ማክሰኞ መጣ፤ ከማክሰኞ ጋርም እንግዶቹ መጡ።

እማማ አገርነሽ ከሕሊና አያት ከአቶ ሀብተ ሚካኤል ጋር ከዳባት ወዲህ ባለች ትንሽ መንደር አጥር ለአጥር ነው ያደጉት። ቤተ እስራኤል ናቸው። ከአርባ ዓመት በፊት ከባለቤታቸው ጋር በእግራቸው ሱዳን ወርደው፣ ከዚያ እስራኤል ገብተው ቀሩ። አሁን ሳይሞቱ የተወለዱበትን ቀዬ ለማየት የልጅ ልጃቸውን ኔታን አስከትለው መጥተው ኖሯል። መንደሩ ውስጥ ሲጠይቁ «ሀብቴማ አለ፣ ደባርቅ ልጁ ዘንድ ነው» ቢሏቸው መኪናውን አስዞሩት።

የሕሊና እናት በለጠች ያን ቀን ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ዶሮ ወጥ ስትሠራ ዋለች። አባባ ግን ከጠዋት ጀምረው ወዲያ ወዲህ እያሉ አላስቀምጥ አሏት።

«ወጥ አትሥሪላት» አሉ። «እንቁላሉን በጥሬው አስቀምጪላት። ገብሱንም ሳይፈጭ።»

«አባዬ፣ ለእንግዳ ጥሬ እንቁላል ይቀርባል እንዴ? ሰው ቢሰማ ምን ይለናል?»

«እኔ የምልሽን አድርጊ።»

«እሺ፣ እሺ» አለች በለጠች፣ ለሕሊና በዓይኗ ጠቅሳ። አባባ ካለፈው ዓመት ወዲህ ነገር ይቀላቀልባቸዋል። ሕሊናን በአክስቷ ስም ይጠሯታል፤ ከተሸጡ ስንት ዘመን የሆናቸውን በሬዎች ውኃ ጠጡ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ስለዚህ የእንቁላሉን ነገር ማንም ጆሮ አልሰጠውም።

እማማ አገርነሽ ሲገቡ አልሳሙም። በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። አባባም እንዲሁ ከወንበራቸው ተነስተው ከሩቅ ጎንበስ አሉ፤ ሁለቱም እንደቆሙ አለቀሱ። እስከዚህ ድረስ ደስ ይል ነበር። መሶቡ ሲቀርብ ግን እንግዳዋ እጃቸውን አልሰደዱም። በለጠች ብትለምን፣ በሞቴ ብትል፣ ጉርሻ ይዛ ብትነሳ «ይባርክሽ የኔ ልጅ፣ ይባርክሽ» ከማለት በቀር ወይ ፍንክች። የጠጡት ከቦርሳቸው ያወጡትን የታሸገ ውኃ ነው። ኔታ ፊቷ ቀልቶ «አያቴ... ሆዷን ትንሽ ያማታል» አለች።

እንግዶቹ ወደ ሆቴላቸው ሲወጡ ሕሊና እስከ መኪናው ሸኘቻቸው። ሞተሩ ሳይነሳ እማማ አገርነሽ ከጨርቅ ውስጥ ዳቦ አውጥተው፣ ሆድ የሚባል ነገር አሟቸው እንደማያውቅ ሰው ገመጥ ገመጥ ሲያደርጉ በመስኮቱ አየቻቸው። ቤት ስትመለስ እናቷ ያልተነካውን ወጥ ወደ ድስቱ እየመለሰች እንባዋን በክንዷ ትጠርጋለች። «ፈረንጅ ሆነው መጡ» አለች በለጠች። «ተጠይፈውን ነው።» አባባ ብቻ ምንም አልከፋቸውም። «ሳልሰናበትህ አልሄድም ብላኛለች» እያሉ የጠፍር ወንበራቸው ላይ ፈገግ ብለው ተቀመጡ።

ሕሊና ሥዕሉን የሣለችው በዚያ የእናቷ እንባ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ተሰቀለ፤ ከሰዓት ቻናሉ ላይ ወጣ። የሳቅ ምልክት እንደ ጉድ ዘነበበት። አንዱ «ዳያስፖራ ሙድ ተያዘባት» ብሎ ጻፈ፤ ሌላው «የእኛም አክስት እንደዚህ ናት» አለ። ሐሙስ ጠዋት መምህር ዘመነ ጠርተዋት የእሷ ሥዕል እንደተመረጠና ዓርብ ቀትር ላይ ከሌሎቹ ጋር በመኪና ጎንደር እንደሚሄድ ነገሯት። ደስታዋ ፊቷ ላይ ሳይጠፋ እሳቸው ወረቀቱን ዘቅዝቀው፣ አቅንተው አዩትና «እዚህ ውስጥ ምን ተወሽ?» ብለው ጠየቋት።

«ምንም» አለች ሕሊና።

እረፍት ላይ ስልኳ ጮኸ። ኔታ ነበረች፤ ማክሰኞ ዕለት አድራሻ ተለዋውጠው ነበር። «መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ነኝ። ነይ።»

ኔታ ሻይዋን አልነካችውም። ነጭ ስኒከር፣ የተቀዳደደ ጂንስ ለብሳለች፤ አማርኛዋ ግን ከአያቷ የወረሰችው ነው፣ ዝግ ያለ፣ ያሮጊት አማርኛ። ሌላ ቀን ቢሆን ሕሊና ትስቅ ነበር።

«ይህን የሣልሽው አንቺ ነሽን?» አለችና ስልኳን ወደ እሷ ገፋችው።

ሕሊና ክው አለች። መዋሸት ትችል ነበር፤ ግን ጥግ ላይ ስሟ በትልቁ ተጽፏል። «እኔ ነኝ» አለች።

«አያቴ አየችው። ሆቴሉ ውስጥ የሚያስተናግደው ልጅ አሳያት። 'እማማ፣ እርስዎን አይመስልም?' አላት። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሊያስቃት ብሎ ነው።»

«ምን አሉ?»

«'እጇ ጥሩ ነው' አለች። ከዚያ ወንበሩን አየችው። 'ይህ የሀብቴ ወንበር ነው' አለች። 'እሱም ሳቀብኝ ይሆን?' አለች።»

ሕሊና አንገቷን ደፋች። ኔታ ቃላት እየፈለገች፣ እያጣች፣ እንደገና እየጀመረች ቀጠለች። «ሆዷን አላመማትም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ አፍሬ። አያቴ ከሌላ ሰው ቤት የበሰለ አትበላም። እዚህ ሳለች እናቷም እንዲህ ነበረች፣ የእናቷም እናት። እዚያ ከሄዱ ወዲያ ብዙው ሰው ተወው። እኔም ትቼዋለሁ። እሷ ብቻ እንቢ አለች። የአገሬ ሥርዓት ነው ትላለች።»

«የትኛው አገር?»

«ይህ!» አለች ኔታ ጠረጴዛውን በጣቷ መታ መታ እያደረገች። «ይህ አገር ነዋ!»

ከዚያ ሌላ ፎቶ ከፈተች። ከአንድ አሮጌ ጋዜጣ የተቆረጠ ካርቱን ነው፤ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ነጠላ የለበሱ፣ ማሰሮ ያዘሉ ሴቶች ከአውሮፕላን ይወርዱና ልብስ ማጠቢያ በመሰለ ትልቅ ማሽን ውስጥ ይገባሉ፤ በወዲያኛው በር ጥቁር መነጽር አድርገው፣ አጭር ቀሚስ ለብሰው ይወጣሉ። ማሰሮዎቻቸው ማሽኑ አጠገብ ተሰባብረው ተከምረዋል።

«እነ አያቴ በገቡ ዘመን የወጣ ነው» አለች ኔታ። «አያቴ ቆርጣ ኩሽናዋ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሳየዋለች። 'ሊያጥቡኝ ፈልገው ነበር፣ እኔ ግን አልታጠብሁም' ትላለች። እያሳቀች ነው የምትለው። ይህን ስትናገር ደስ ይላታል።» ሁለቱን ሥዕሎች ባንድ ላይ አድርጋ አሳየቻት። ጥቁር መነጽሩ አንድ ነው፤ አውሮፕላኑም አንድ ነው። «አንቺ ግን ታጥባ መጣች ብለሽ ሣልሻት።»

ሕሊና ሁለቱን ሥዕሎች ደጋግማ አየቻቸው። የመምህሩ ጥያቄ ትዝ አላት፤ የአባባ ጥሬ እንቁላልም ትዝ አላት። «ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ለአባባ ሥዕሉን እንዳላሳየሁዋቸውም እነግራቸዋለሁ። አባባ አልሳቁም። አላዩትም።»

«አሁን ነይ። ሆቴል ነች።»

አሁን! አሁን ብትሄድ ሥዕሉን ከሰሌዳው አውርዳ መሄድ አለባት። ከወረደ ደግሞ ጎንደር የለም። አንድ ቀን ብቻ፣ አንዲት ቀን ብታስብበት ምን ይጎዳል? «ዛሬ ፈተና አለብኝ» አለች። ፈተና አልነበረባትም። «ነገ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ እመጣለሁ።»

ኔታ አየቻት። «ነገ ዓርብ ነው» አለች፣ ይህ ብቻ ሁሉን የሚናገር ይመስል። ሕሊና ዓርብ መሆኑ ምን እንደሚለውጥ አልገባትም፤ አልጠየቀችምም።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባባ አጠገብ ቁጭ አለችና ስለ እንቁላሉ ጠየቀቻቸው። ነገር የሚቀላቀልባቸው ሰው የድሮውን ሲያወሩ አንድም አልተዛነፈባቸው።

«እነሱ ከእኛ ድስት አይበሉም። እኛም እናውቃለን፤ አንቀየምም። እናቴ ፋሲካ በመጣ ቁጥር እንቅብ ሙሉ ገብስ ሰፍራ፣ እላዩ ላይ እንቁላል ደርድራ በእኔ ትልክላቸው ነበር። ዶሮ ከሆነም ከነነፍሷ ነው። የአገርነሽ እናት በራሷ ሸክላ ትሠራዋለች። እንደዚያ ነው አብረን የበላነው።» ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ። «ሁሉ ደግ ነበር ብዬ አልዋሽሽም። ከብት ሲሞት በእነሱ እናሳብብ ነበር። ክፉ ስም ሰጥተናቸዋል። ሲሄዱም ተደብቀው ሄዱ። ጠዋት ተነስቼ ባየው ቤቱ ወና ነው፤ ውሻቸው ብቻ ደጃፉ ላይ ተኝቷል። አልተሰናበትኋትም። ይሄ ሁሉ ዘመን የሚቆጨኝ እሱ ነው። አሁን ግን ሳልሰናበትህ አልሄድም ብላኛለች።»

ሕሊና አፏን ከፈተች። መንገር ነበረባት፤ ቦታውም ሰዓቱም ያ ነበር። አባባ ግን እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይታቸው አታውቅም፤ አፏን መልሳ ዘጋችው።

ዓርብ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ አባባ ጋቢያቸውን አጣፍተው የጠፍር ወንበራቸውን በሩ ላይ አውጥተው ነበር። እግራቸው ሥር ገብስ የሞላ እንቅብ አለ፤ ገብሱ ላይ እንቁላል ተደርድሯል። ጎረቤቷ ወይዘሮ ሸጊቱ በመንገድ ስታልፍ «አባ ሀብቴ፣ በዓርብ ምድር እንቁላል?» ብላ ቀለደችባቸው። «ለኔ አይደለም፣ ለእንግዳዬ ነው» አሏት፣ ኮራ ብለው።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አለፈ፤ ሁለተኛውም። ሕሊና ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ሳይገባት ትገለብጣለች። ከሰዓት በኋላ እሄዳለሁ፣ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ፣ አባባንም በባጃጅ ይዣቸው እሄዳለሁ እያለች ለራሷ ትምላለች። እረፍት ላይ ስልኳን ስትከፍት ከኔታ የመጣ መልእክት ጠበቃት።

«መንገድ ጀምረናል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጎንደር ገብታ መሰናዳት አለባት፤ ሰንበቷ ይገባል። እንቁም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አያትሽ አላዩትም አልኋት፤ አላመነችኝም። 'ሀብቴ ከሳቀብኝ በምን ዓይኔ አየዋለሁ' አለች። አንቺን አትቆጣሽም። እኔ ትንሽ እቆጣሻለሁ።»

ነገ ዓርብ ነው ማለት ይህ ኖሯል። ሕሊና «አልሳቁም! አላዩትም! ደጅ ተቀምጠው እየጠበቋቸው ነው!» ብላ ላከች። መልእክቱ ሄደ፤ ማንም ግን አላነበበውም። ከዳባት ወዲያ ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ ብዙ ነው። እንደገና ላከች፤ ደወለችም። የሚመልስላት አልነበረም።

መምህር ዘመነ ሰሌዳው ሥር ትልቅ ፖስታ ይዘው ሥዕሎቹን እየሰበሰቡ ነበር። ሕሊና ቀድማቸው የእሷን ነቀለች። ጥግ ላይ የነበረው መርፌ ወረቀቱን ትንሽ ቀደደው።

«መምህር፣ ይሄ አይሄድም።»

«ለምን?»

«የተውኩት ነገር ነበረ» አለች።  መምህሩ አይተዋት ፖስታውን አሸጉ።

የሺዋስ ግን ዝም የሚል ልጅ አይደለም። በሩጫ ተከተላት። «ያምሻል እንዴ? ጎንደር እኮ ነው! ቀሽት ሥራ ነው እኮ!»

«ከቻናሉም አውርደው።»

«አሁን ቢወርድ ምን ዋጋ አለው? ያላየው የለም እኮ!»

ልክ ነበር፤ ያ ነው የከፋው። «ያም ሆኖ አውርደው፣ የሺ» አለችና ከግቢው ወጣች። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ወዴት ነው ብለው ቢጮኹባትም አልዞረችም።

አባባ እዚያው ናቸው። ፀሐይዋ ስለዞረችባቸው ወንበራቸውን ወደ ጥላው ስበውታል፤ እንቅቡንም አብረው ስበውታል። እንቁላሉ እንዳይሞቅ ነጠላ ጣል አድርገውበታል። የእርምጃ ድምፅ ሲሰሙ ቀና አሉ፤ ሕሊና መሆኗን ሲያዩ ትንሽ ዝቅ አሉ።

«መኪና አላየሽም መንገድ ላይ?»

«አላየሁም አባባ።»

«ትመጣለች። ዓርብ ስለሆነ ተጣድፋ ይሆናል እንጂ ትመጣለች። ቃሏን ሰጥታኛለች።»

ውሸቱ አፏ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። አሟቸው ነው፣ መኪናው ተበላሽቶባቸው ነው፣ በሌላ ጊዜ እንመጣለን ብለዋል። አንዱን ብትመርጥ አባባ ያምኗታል፤ ምናልባትም በሳምንቱ ይረሱታል። እማማ አገርነሽ ግን ሀብቴ እንደሳቀባቸው እያሰቡ አገራቸውን ለሁለተኛ ጊዜ ለቀው ይሄዳሉ፤ የዚያን ነገር እውነት ከአባባ አፍ በቀር የሚነግራቸው ሰው የለም። 

እንቅቡን በቀስታ ገፋ አድርጋ መሬት ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች። ስልኳን አየችው፤ መልእክቱ አሁንም አልተነበበም። ይነበባል፤ ዛሬም ባይሆን ሰንበቱ ሲወጣ ይነበባል። ያኔ አባባ የሚሉትን ራሳቸው እንዲሉ አሁን ማወቅ አለባቸው። ቦርሳዋን ከፍታ ሥዕሉን አወጣችና ጭናቸው ላይ ዘረጋችው። እጥፋቱን በመዳፏ ደጋግማ አቃናችው።

«አባባ» አለች፣ «መነጽርዎን ያድርጉልኝ።»

አባባ የእንግዳቸውን ፎቶ የምታሳያቸው መስሏቸው፣ ፊታቸው ፈክቶ ኪሳቸውን መዳበስ ጀመሩ።